ከከፊሩ በፊት ቅሉ ነበር

ሰሞኑን ስለ ከፊር የማይጠይቀኝ ሰው የለም። አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ በብርጭቆ ዕቃ ያጠራቀማቸውን ነጫጭ ፍሬዎች ፎቶ አንስቶ ይልክና "ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ለጨጓራ ይሆናል?" ይለኛል። ሌላዋ "ለስኳርም ለግፊትም ለነቀርሳም ፍቱን ነው ተባልኩ" ትላለች። የባሰም አለ። እናቱ ክኒናቸውን ትተው ከፊር ብቻ መጠጣት እንደጀመሩ የጻፈልኝ ልጅ አለ። ይቺን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የእሱ መልእክት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ግን ነገሩ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያወቀ ሰው ደግሞ ክኒኑን የሚጥል አይመስለኝም።

መጀመሪያ ከፊር ምንድን ነው? ከሰሜን ካውካሰስ ተራሮች የመጣ የረጋ ወተት ነው። ፍሬ የሚባለው የአበባ ጎመን ቁራጭ የሚመስል፣ ሲነኩት የሚለመጥ፣ ነጣ ያለ ነገር ነው። እህል አይደለም፣ የተክል ዘርም አይደለም። ባክቴሪያዎችና የእርሾ ተህዋስያን ራሳቸው በሠሩት ሙጫ መሳይ ነገር ተያይዘው የሚኖሩበት ጎጆ ነው ብንል ይቀላል። ወተት ውስጥ ይገባል፣ አንድ ቀን ያህል ይቆያል፣ ወተቱ ይጎመዝዛል። ከዚያ ፍሬው ተጠልሎ ይወጣና ለሌላ ወተት ይዘጋጃል። እየዋለ እያደረ ያድጋል፤ ለጎረቤትም ይተርፋል። ፍሬ የሚገኘው ከሌላ ፍሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ አዲስ አበባ ኩሽናችሁ ውስጥ ያለው ከእጅ ወደ እጅ እየተሰጠ የመጣ ነው ማለት ነው።

የካውካሰስ ሰዎች ወተቱን የሚያረጉት በፍየል ቆዳ ስልቻ ነበር። ስልቻው በር ላይ ተንጠልጥሎ የገባ የወጣው ሁሉ ነካ ነካ ያደርገው ነበር ይባላል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የሩሲያ ሐኪሞች ለበሽተኞች ማዘዝ ጀመሩ፤ በ20ኛው መባቻ ደግሞ ሞስኮ ላይ ለገበያ ቀረበ። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከፊርን የሚያውቁት ከተማሪዎች ምግብ ቤት ነው። እዚያ ግን መድኃኒት ሳይሆን ቁርስ ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን የሚያውቅ ሰው ወተት ሲባል መጀመሪያ የሚታየው በብርጭቆ ተሞልቶ የሚጠጣው አይደለም። ደጋው የገብስና የበግ አገር ነው። በጉ ሥጋውንና ሱፉን ይሰጣል፣ ከሱፉ ባናውና በርኖሱ ይሠራል፣ ግን አይታለብም። የምትታለበው ላም ናት። የአገራችን ላም ደግሞ በቀን አንድ ወይ ሁለት ሊትር ብትሰጥ ነው፤ እሱንም ከጥጃዋ ጋር ተካፍላ። ያም ቢሆን በሣሩ ይወሰናል። የመንዝ ሰው ጓሳን በቀሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ፣ በጊዜው ከፍቶ፣ ከብቱን በሥርዓት ሲያስግጥ የኖረው በከንቱ አይደለም። ሥርዓቱ በአካባቢው ትውፊት ከአባቶቹ ከአስቦና ከገራ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚመዘዝ ነው፤ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅም ዘልቋል። በዚህ አገር ሣር እንደዋዛ የሚባክን ነገር አልነበረም። ወተትም እንደዚያው።

እና አንድ ሊትር ወተት ምን ይደረጋል? ተንጦ ቅቤ ለማውጣት ያንሳል። ስለዚህ የዛሬው በትናንቱ ላይ፣ የነገው በዛሬው ላይ እየተጨመረ ይጠራቀማል። ዕቃው ቅል ወይም የሸክላ እንስራ ነው። የትናንቱ የዛሬውን ያረጋዋል። መንዝ ብርዱ ብርድ ነውና እርጎው ቶሎ አይረጋም፤ ዕቃው ወደ ምድጃው ጠጋ ይላል። ሲጠራቀምና ሲደርስ ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው ይቀራል። አሬራው እሳት ላይ ሲጣድ አይብ ይሆናል፣ ከአይቡ የሚለየው ውኃ ደግሞ አጓት ነው። የሚጣል ነገር የለም።

ልብ በሉ፤ እዚህ ሂደት ውስጥ ማንም ፍሬ አልጨመረም። ታዲያ ወተቱን ያረጋው ማነው? ከፊር በዓይን የሚታይ ፍሬ አለው፤ የእኛ እርጎ ፍሬው አይታይም። ያለው በወተቱ ውስጥ፣ ከትናንት በተረፈው ጭላጭ ውስጥ፣ በቅሉ ግድግዳ ላይ ነው። ዕቃው ራሱ የእርሾው ቤት ነው። ካውካሰስ ላይ እናት ለልጇ ፍሬ ሰጠች፤ እኛ አገር እናት ለልጇ ቅሉንና አያያዙን ሰጠች።

አያያዙ ትልቅ ሙያ ነው። ቅሉ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል። ከዚያ የወይራ ስንጥር ይጫርና ዕቃው በጭሱ ላይ ይደፋል፤ ጭሱን ጠጥቶ እስኪጠግብ ይታጠናል። የጠላ ጋን የሚታጠነውም በዚሁ ብልሃት ነው። ሰው "ለሽታው ነው" ይላል፤ ልክ ነው፣ ያልታጠነ ዕቃ እርጎ አፍ ላይ ያስታውቃል። ግን ለሽታ ብቻ አይደለም። የእንጨት ጭስ ተህዋስያንን የሚያዳክሙ ነገሮች አሉት፤ ሙቀቱም ዕቃውን ያደርቀዋል። እነ ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እርጎንና የዕቃ ማጠንን በላቦራቶሪ መርምረው ጽፈዋል። እናቶቻችን በአፍንጫቸውና በምላሳቸው የለዩትን ሳይንስ በማይክሮስኮፕ አየው። ይሁንና ሳይንሱ ሌላም ነገር ጨምሮ ነግሮናል፦ መጎምዘዙም ሆነ መታጠኑ ክፉውን ተህዋስ ያዳክመዋል እንጂ ሁሉንም ጠርጎ አያጠፋም።

ጾሙንም አንርሳ። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ሑዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ላሟ ግን ጾም አታውቅም፤ ትታለባለች። ስለዚህ የጾሙ ወተት ቅቤ ሆኖ መቀመጥ ነበረበት። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የሚሆነው፣ ገበያ ወጥቶ ጨውና በርበሬ የሚገዛው ያ ቅቤ ነው። የሸኖ ቅቤ ስም እስከ አዲስ አበባ የገነነው ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ተነሥቶ ነው። እርጎ ማርጋት ለደጋ ሴት የጓዳ ባንክ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ጋ ይፈለጋል።

ጎምዛዛ ወተት ሁሉን ይፈውሳል የሚለው ወሬ ቲክቶክ የወለደው እንዳይመስላችሁ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኢሊያ ሜችኒኮፍ የሚባል ታላቅ ሳይንቲስት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘ። ሽልማቱ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ባጠናው ነው እንጂ በእርጎ አይደለም። እሱ ግን የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜያቸው የሚረዝመው በእርጎ ነው ብሎ አመነ፤ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍም ሐሳቡን ለዓለም አሰማ፤ ራሱም በየቀኑ ይጠጣ ጀመር። አውሮፓ በእርጎ አበደ። ሜችኒኮፍ በ1916 በ71 ዓመቱ ሞተ። ለዘመኑ ጥሩ ዕድሜ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ያሳዝናል። ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የሩሲያ ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን ከፊር ያጠጡ ነበር፤ ከፈረስ ወተት የሚሠራውን ኩሚስም እንዲሁ። ደራሲው አንቶን ቼኾቭ ራሱ ሐኪም ነበር። ነቀርሳ ይዞት በ1901 ከሙሽራ ሚስቱ ጋር ኩሚስ ወደሚጠጣበት ማገገሚያ ሄደ። ጠጣ፣ ክብደትም ጨመረ። በ1904 ግን በ44 ዓመቱ ሞተ። ጥሩ ምግብ ደካማ ሰውነትን ደግፏል፤ ነቀርሳውን ግን አልነካውም። የነቀርሳን ባክቴሪያ የሚገድለው ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። ከዚያ በኋላ ማገገሚያው በመድኃኒት ተተካ፤ ከፊርም ወደ ቁርስ ጠረጴዛው ተመለሰ። ለዚህ ነው እነዚያ ተማሪዎቻችን ሶቪየት አገር ሲደርሱ ከፊርን ፋርማሲ ሳይሆን ምግብ ቤት ያገኙት። ከፊርን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች እንኳ ለነቀርሳ ክኒን ነው የሚውጡት። ያንን መድኃኒት ዛሬ ጤና ጣቢያዎቻችን በነፃ ይሰጡናል። ቢያንስ ስድስት ወር ይወሰዳል። ቼኾቭ ቢያገኘው ምን ያህል በተደሰተ! እኛ ደግሞ አቋርጠን ከመቶ ዓመት በፊት ወደነበረው ተስፋ እንመለስ? ያቋረጠ ሰው ነቀርሳው መድኃኒቱን ይለማመድና የባሰ ይመጣበታል።

እንዲህ ስል ከፊርም እርጎም ጥቅም የላቸውም ማለቴ አይደለም። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎ ሲጠጣ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም ተህዋስያኑ የወተቱን ስኳር ከፊሉን ቀድመው በልተውለታል። ፕሮቲን አለው፣ ካልሲየም አለው፣ ከበሽታ ለተነሣ ሰው ቀሎት ይወርዳል። "ለታመመ አሬራ ስጡት" ያሉን አሮጊቶች ያዩትን ነው የተናገሩት። ግን ከቤት የወረስነው ሁሉ ልክ አይደለም። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ ልማድ ነበረን፤ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናቱ ጡት ሌላ እንደማያስፈልገው ዛሬ እናውቃለን። መርዝ ለጠጣ ሰው ወተት መጋትም እንዲሁ ነው፤ ያ ሰው የሚፈልገው ወተት ሳይሆን በፍጥነት ሐኪም ቤት መድረስ ነው። ባህልን ማክበር ማለት እያበጠሩ መያዝ ነው።

እንዲያው ስጋቴን ልንገራችሁ? ከፊር መምጣቱ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ቅሉ መሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 የውጭ ዝርያ ላሞች ወደ አገራችን ገቡ። ከዚያ የሾላ ወተት ማቀነባበሪያ ተከተለ፣ የከተማ ሰው ወተትን ከፋብሪካ መግዛት ለመደ። ይሄ በጎ ነው፤ የፈላ ወተት ብዙ ልጅ አትርፏል። ገጠሩ ግን ቅሉን የለወጠው በፋብሪካ ሳይሆን በቢጫ ጀሪካን ነው። ጀሪካን ይቀላል፣ አይሰበርም። ግን አንገቱ ጠባብ ነው፣ እጅ አይገባበትም፣ ውስጡ ሲጫር ቆሻሻ ይይዛል፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ደግሞ አይታጠንም። ግራዋውም ወይራውም ሥራ ፈቱ። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ካልተላለፈ በአንድ ትውልድ ይጠፋል። ከዚያ የልጅ ልጆቻችን ከሩቅ አገር የመጣ የእርጎ ፍሬ በውድ እየገዙ "አገራችን ምንም አልነበራትም" ይሉናል።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ከፊር ያላችሁ ጠጡት፣ ለጎረቤትም አካፍሉ፤ መካፈሉ ራሱ የነገሩ ባህል ነው። ወተቱን ግን አስቀድማችሁ አፍሉት፤ ጥሬ ወተት ከላም ብሩሴሎሲስንም ነቀርሳንም ሊያመጣ ይችላል። ሲበርድ ፍሬውን ጨምሩ። እርጎ የምትፈልጉም እንደዚሁ አፍሉ፣ ለብ ሲል ከበፊቱ እርጎ አንድ ማንኪያ ጣል አድርጉበት፤ የፈላ ወተት የራሱ እርሾ ሞቷልና ያለዚያ አይረጋም። ወይራ ካገኛችሁ ዕቃውን እጠኑት። ክኒናችሁን ደግሞ በሰዓቱ ዋጡ፤ ለመቀነስም ለማቆምም የሚነግራችሁ ሐኪማችሁ ብቻ ነው። እርጎውና ክኒኑ አይጣሉም፤ አንዱ ማዕድ ላይ፣ ሌላው መድኃኒት ሳጥን ውስጥ ቦታ ቦታቸው አላቸው።

እናት ወይም አያት በሕይወት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉና ጠይቁልኝ፦ በእናንተ አገር ዕቃው በምን ይታጠናል? በምን ቅጠል ይታጠባል? ስንት ቀን ያድራል? የነገሯችሁን እታች ጻፉልኝ። ከመንዝ ብቻ አይደለም፤ ከጎጃምም፣ ከወሎም፣ ከሐረርም፣ ከቦረናም እጠብቃለሁ።