ፊባ፦ በጌታ መዝገብ ውስጥ የቀረች ሴት

ስለ ባሪያ ንግድ ስናወራ አፋችን ቶሎ ወደ ቁጥር ይሮጣል። ይህን ያህል ሚሊዮን ሰው በመርከብ ተጫነ፣ ይህን ያህሉ ባሕር ላይ አለቀ እንላለን። ውሸት አይደለም። ነገር ግን የተራበው፣ የተገረፈው፣ የወለደውና የቀበረው ሚሊዮን ሳይሆን አንድ አንድ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ አንዲት ሴት ብቻ መርጠናል። ስሟ ፊባ ይባላል። በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በጃማይካ ደሴት፣ ዌስትሞርላንድ በሚባለው አውራጃ፣ በአንድ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ባሪያ ነበረች። የእርሻው ስም "ግብፅ" ነበር። ኦሪትን የሚያውቅ አንባቢ ስሙን ሲሰማ ይገረም ይሆናል፤ እዚያ ግን ሙሴ አልመጣም። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።)

ፊባ ስለ ራሷ ጽፋ ያቆየችው አንድም ገጽ የለም። የምናውቃት ከአንድ ነጭ ሰው የቀን ማስታወሻ ነው። ይኸውም ቶማስ ቲስልዉድ ነው። በ1750 ሀብት ፍለጋ ከእንግሊዝ ወደ ጃማይካ መጣ፤ በ1751 የግብፅ እርሻ ሹም ሆነ። እስከሚሞትበት እስከ 1786 ድረስ ዕለት በዕለት ሲጽፍ ኖሮ 37 ጥራዝ፣ ከ10 ሺህ በላይ ገጽ ትቶ አለፈ። ስንት በርሜል ስኳር እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ተገረፈ፣ ምን መጽሐፍ እንዳነበበ፣ ሁሉም አለ። የደፈራቸውን ሴቶች ጉዳይ ደግሞ በላቲን ይጽፈው ነበር። ትሬቨር በርናርድ የተባለው የታሪክ ሊቅ ቆጥሮ 138 ሴቶች፣ 3,852 ጊዜ ብሎ አስቀምጦታል። በ1756 ደርቢ የተባለ ባሪያ አገዳ ሲበላ ቢያዝ፣ ቲስልዉድ ካስገረፈው በኋላ በሌላ ባሪያ ዓይነ ምድር አፉን አስሞላው። እንግዲህ "የሠለጠነ" የሚባለው አንባቢ፣ ላቲን አዋቂው ሰው ይኼ ነው።

እርሻው ምን ይመስል ነበር? ወንጂ ወይም መተሐራ ደርሶ የተመለሰ ተማሪ አገዳ ሰውን እንዴት እንደሚውጥ አይቷል። በጃማይካ መሬቱ የሚቆፈረው በሰው ክንድ ነበር። ባሮቹ በጭፍራ በጭፍራ ተከፍለው ከኋላቸው ጅራፍ የያዘ ካቦ ይቆማል፤ ካቦውም ራሱ ባሪያ ነው። አገዳው ከደረሰ ከታኅሣሥና ከጥር ጀምሮ እስከ ክረምቱ መግቢያ መቁረጥ፣ መሸከም፣ መጭመቅ፣ ማፍላት ነው፤ ሌሊቱም ሥራ ነው። እንቅልፍ የጣላት ሴት እጇ ከሚሽከረከሩት የመጭመቂያ ግንዶች መካከል ከገባ ክንዱን ለመቁረጥ መጥረቢያ በአጠገብ ይቀመጥ ነበር። ይህ ሁሉ የወንድ ሥራ ይመስለን ይሆናል፤ ዳሩ ግን በዚያ መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጃማይካ የአገዳ ማሳ ላይ ከሚቆፍሩት የሚበዙት ሴቶች ነበሩ።

ፊባ ከማሳው ተርፋ ማድ ቤት ትሠራ ነበር። ስሟ ከምዕራብ አፍሪካ የአካን ሕዝብ የመጣ ሲሆን ዓርብ ቀን የተወለደች ማለት ነው። ኩባ የምትባል ልጅም ነበረቻት። ከ1754 ገደማ ጀምሮ ቲስልዉድ ፊባን ቋሚ ሴቱ አደረጋት፤ ይኸም እስኪሞት ድረስ ከ30 ዓመት በላይ ቆየ። ታዲያ ይህን ምን እንበለው? ፍቅር? እምቢ የማለት መብት የሌላት ሴት እሺታዋ በምን ይታወቃል?

በ1757 ቲስልዉድ ሥራ ለውጦ ኬንዳል ወደሚባል እርሻ ሲሄድ፣ ፊባን እንዲሸጡለት ወይም እንዲያከራዩት ባለቤቶቿን ለመነ። እመቤቲቱ ሚስስ ኮፕ አሻፈረኝ አለች። ፊባ ሲለያዩ የወርቅ ቀለበት ሰጠችው፤ ኋላም የባሕር ኤሊ፣ እንቁላል፣ አናናስ ትልክለት ነበር። በዚያው ሰሞን ቲስልዉድ በማስታወሻው ላይ ፊባ በባርነት መከራ ውስጥ ስለሆነች እንደሚያዝንላት ጻፈ። ልብ በሉ፦ ያዘነው ጅራፉን በእጁ የያዘው ሰው ነው። ለእሷ ሲያዝን ባርነቱን እንደ ዝናብና እንደ ድርቅ ከሰማይ የወረደ አስመሰለው።

ቀለበቱን ከየት አመጣችው? እዚህ ላይ የፊባ ሌላ ገጽታ ይታያል። ትሰፋለች፣ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ከብት ታረባለች። የጃማይካ ባሮች በተሰጣቸው ቁራሽ መሬት ያበቀሉትን እሑድ ገበያ አውጥተው ይሸጡ ስለነበር ከዚያ ጥቂት ገንዘብ የሚቋጥር አልጠፋም። ፊባ ግን ለቲስልዉድ ለራሱ እስከ ማበደር ደርሳለች! በሕግ እሷው ንብረት ሆና ሳለ ንብረት አፈራች። ይባስ ብሎ አንዲት ሴት ቤስ የምትባል ባሪያ ሰጥታት ፊባም በተራዋ አዛዥ ሆነች። ይህን ሸፍነን ብናልፍ ጀግና መሥራት ይቀለን ነበር። ነገር ግን ሥርዓቱ ክፉ የሆነው ለዚህም ጭምር ነው፤ ከሥሩ ላለው ሰው ትንሽ ከፍ ብሎ ለመተንፈስ የሚሰጠው መሰላል የሌላ ሰው ትከሻ ነው።

በ1760 ሚያዝያ በደሴቲቱ ሰሜን በታኪ መሪነት ባሮች ተነሡ፤ በግንቦት እሳቱ ዌስትሞርላንድ ደረሰ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁበት። በዚያው ሚያዝያ መጨረሻ ፊባ ከቲስልዉድ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙም ጆን ተባለ። ሕጉ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ስለሚል ሕፃኑ የአባቱ ሳይሆን የኮፕ ንብረት ሆኖ ተወለደ። በ1762 ነጻ ወጣ፤ እናቱ ግን ባሪያ እንደሆነች ቀረች። ባሪያ እናት ነጻ ልጇን ታጠባለች፤ እስቲ አስቡት! ጆን በ1780 በ20 ዓመቱ ሞተ።

ቲስልዉድ በ1767 የራሱን መሬት ገዝቶ ሲወጣ ፊባን በዓመት 18 ፓውንድ ከኮፕ ተከራያት። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይባላል፤ እሱ ግን በሰው ወርቅ 20 ዓመት ያህል ኖረ። በ1786 ሲሞት ነጻነቷ የሚገዛበትን ገንዘብ በኑዛዜ ተወላት። ነጻ የወጣችው ግን በ1792 ነው። ከኑዛዜው እስከ ነጻነቷ 6 ዓመት ቆጥራለች።

አንዳንዶች ፊባን ከጌታዋ ጋር ያበረች ይሏታል፤ ሌሎች ደግሞ የታደለች ይሏታል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ሳሊ የምትባለው ሌላዋ የቲስልዉድ ባሪያ ደጋግማ ጠፋች፤ በያዟት ቁጥርም ተቀጣች። ሳሊ በእግሯ ሞከረች፤ ፊባ በመርፌዋና በብድሯ። የሁለቱንም መንገድ ያጠበበው ያው አጥር ነው። እንግሊዝ በ1833 ባርነትን በሕግ ስትሽር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች፤ የተከፈለው ለባለቤቶቹ ነው። ከባሮቹ አንድም ሰው አምስት ሳንቲም አላገኘም።

ከዚህ እኛ የታሪክ ተማሪዎች የምንማረው የሰነድ አነባበብ ነው። ቲስልዉድ የጻፈው ስለ ፊባ እንድናውቅ ብሎ አይደለም፤ ሒሳቡን ለመያዝ ነው። ከስጦታው፣ ከብድሩና ከኪራዩ መካከል ሴትዮዋን ፈልጎ ማውጣት የእኛ ፋንታ ነው። በአገራችንም ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942፣ በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው። በየትልልቁ ቤት ሲፈጩና ውሃ ሲቀዱ የኖሩትን ሴቶች ስም በዜና መዋዕል ብንፈልግ ድካም ነው። የውርስ ወረቀት፣ የሙግት መዝገብ፣ የሽማግሌ ትዝታ ግን አለ። የእነዚያ ሴቶች የልጅ ልጆችም ዛሬ በመካከላችን ይኖራሉ። በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ከዚያ ብንጀምርስ?