ላም አለኝ በሰማይ፦ ከአባ ሳሙኤል እስከ ጤና ጣቢያው ጣሪያ

በልደታ ክፍለ ከተማ፣ አብነት ሰፈር ላይ የዘነበ ዝናብ በየጅረቱ አልፎ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ ማረፊያው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ነው። ከዚያው ሰፈር በማዳበሪያ ታስሮ የሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ደግሞ ወደ ረጲ፣ ሕዝቡ «ቆሼ» ወደሚለው ቦታ ይሄዳል። በሁለቱም ቦታዎች ኤሌክትሪክ ማመንጫ ተተክሏል፤ አንዱ በውኃ፣ ሌላው በቆሻሻ። ዛሬ «በየጤና ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሶላር ይተከል» ሲባል፣ የእነዚህን የሁለቱን ታሪክ ሳያነሡ ማለፍ አይገባም።

አባ ሳሙኤል ከሀገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ለአዲስ አበባ ብርሃን ሲሰጥ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1970 ቆመ። ያቆመው ጦርነት አይደለም፤ ድርቅም አይደለም። ጥገና አጣ። ከ40 ዓመት በላይ ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሥራ ጀመረ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ወንዙ መፍሰሱን አላቋረጠም። የጎደለው ተከታታይ ነበር።

የረጲው ታሪክ የቅርብ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያን ጊዜ እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ እየተገነባ ነበር። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ሲመረቅ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው እንደሆነ፣ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንደሚያቃጥል ተነገረ። ከምረቃው በኋላ ግን ጣቢያው አንዴ ሲሠራ አንዴ ሲቆም ነው የከረመው። እንዲህ ያለ ጣቢያ ከበር እስከ ምድጃ ሰንሰለት ይፈልጋል፦ ቆሻሻው ከቤት ሲወጣ ካልተለየ፣ የምግብ ትራፊውና እርጥቡ ከደረቁ ጋር ከተደባለቀ፣ እሳቱ ኃይል መስጠቱ ቀርቶ ውኃ ማድረቅ ይሆናል ሥራው። ማሽኑ ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ ቆሻሻ የመለየት ልማድ ግን በመርከብ ተጭኖ አይመጣም።

እንግዲህ ወደ ጣሪያው እንምጣ። ጤና ጣቢያ ውስጥ አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታሰበው ፍሪጁ ነው፤ ቀጥሎ በወሊድ ክፍል ያለችው እናት። ሶላር እዚህ ላይ ቅንጦት አይደለም።

ነገር ግን የፀሐይ ሰሌዳው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ የተለመደው የእርሳስ ባትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቃል። በዓለም ዙሪያ የቀደሙት የሶላር ክትባት ፍሪጆች በብዛት የወደቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ፀሐይ አልጎደለም፣ የሁለተኛው ባትሪ በጀት ጎደለ። ኋላ ላይ ቅዝቃዜውን በበረዶ መልክ የሚያጠራቅሙ፣ ባትሪ የማይፈልጉ ፍሪጆች የተሠሩት ከዚሁ ውድቀት ትምህርት ተወስዶ ነው። ሰሌዳው ጣሪያ ላይ እያብረቀረቀ ከሥሩ ክፍሉ ከጨለመ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ያ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለም ኢትዮጵያ ውስጥ ታይቷል። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በአማራ ክልል ያለችው ሬማ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን አማካይነት የፀሐይ መብራት ገባላት። እዚያ ሰሌዳ ተክሎ መሄድ ብቻ አልነበረም። የሶላር ባለሙያ ማሠልጠኛ አብሮ ተከፈተ፤ ነዋሪውም ለጥገና የሚሆን መዋጮ በየወሩ እንዲከፍል ተደረገ። መብራቱ ሲበላሽ የሚጠራው ሰው እዚያው ነበር።

«ሕዳሴ ግድብ እያለን ሶላር ለምን?» የሚል ይኖራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ይሁን እንጂ ጉባ ላይ የመነጨ ኃይል አብነት የሚደርሰው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በመጨረሻም በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው። ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል የግድቡ ትልቅነት ለክትባቱ ፍሪጅ ምንም አያደርግለትም። የጣሪያው ሶላር ከግድቡ ጋር አይፎካከርም፤ ክፍተቱን ይሞላል።

ስለዚህ ሪባን ከመቆረጡ በፊት ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት። ባትሪው ሲያልቅ የሚገዛው በማን በጀት ነው? ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ ማን ነው፣ የትስ ይገኛል? ከአምስት ዓመት በኋላ መሥራቱን አይቶ ለሕዝብ የሚናገረው ማን ነው? ሦስቱ መልስ ካላቸው ይተከል፤ ዛሬውኑ ይተከል። መልስ ከሌላቸው ግን አባ ሳሙኤል ከ40 ዓመት በላይ የጠበቀው እርዳታ፣ ለጤና ጣቢያው ፍሪጅ አንድ ሳምንት እንኳ ሊዘገይለት አይችልም።