ዶንግሉ ተሰክቷል፣ ሴንሰሮቹ ግን ዝም ብለዋል፦ ከየት እንጀምር?



ቤቱን በሆም አሲስታንት ያደራጀ ሰው አንድ ቀን ይህ ይገጥመዋል። ትናንት ሲሠራ የነበረው የበር ሴንሰር ዛሬ ዝም ይላል። ስልክ ላይ አፑን ስትከፍቱት ግማሹ ዕቃ "አይገኝም" ብሎ ቁጭ ብሏል። ብዙ ሰው ወዲያው ሁሉንም ሰርዞ እንደ አዲስ ፔር ማድረግ ይጀምራል። እባካችሁ እሱን ለመጨረሻ አቆዩት! አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ፍላሽ የምትመስለው የዩኤስቢ ዶንግል ዙሪያ ነው፤ ያለ ምንም ወጪ ወይም በአንድ ማራዘሚያ ገመድ ይፈታል።

ይህን ፖስት ሴቭ አድርጉት፤ ቀኑ ሲደርስ ያስፈልጋችኋል።

📌 ዶንግሉ ሥራው ምንድን ነው?

ትንንሾቹ ሴንሰሮች በብዛት ዋይፋይ አይጠቀሙም፤ ባትሪያቸውን ቶሎ ስለሚጨርስ። የሚነጋገሩት ዚግቢ ወይም ዚ-ዌቭ በሚባሉ ቀለል ያሉ የሬዲዮ ቋንቋዎች ነው። ዶንግሉ ደግሞ የኔትወርኩ አለቃ ነው። የትኛው ዕቃ አባል እንደሆነ የሚያውቀው፣ የምስጢር ቁልፉን የያዘውም እሱ ነው። እሱ ከታመመ ሁሉም ይታመማል።

ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የጠፋው አንድ ዕቃ ነው ወይስ ብዙ? አንድ ብቻ ከሆነ ባትሪውን ቀይሩና እዩት። ብዙ ከሆነ ወደ ዶንግሉ እንሂድ። ሦስት ዓይነት ብልሽት አለ።

1️⃣ ሲስተሙ ዶንግሉን ጭራሽ አያየውም

በስልካችሁ ሆም አሲስታንትን ክፈቱ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሃርድዌር፣ ከዚያ "ኦል ሃርድዌር" የሚለውን ተጫኑ። ዝርዝሩ ውስጥ ዶንግሉ ከሌለ ሶፍትዌር መነካካት ዋጋ የለውም።

👉 ነቅላችሁ ሌላ ፖርት ላይ ሰኩት። አሁንም ከሌለ ላፕቶፕ ላይ ሞክሩት። እዚያም ካልታየ ዶንግሉ ራሱ ሳይበላሽ አይቀርም።

👉 ማራዘሚያ ገመድ ካለ ገመዱን ቀይሩ። ኃይል ብቻ የሚያስተላልፍ፣ ዳታ የማያሳልፍ ገመድ አለ። የዶንግሉ መብራት በርቶም ምንም ላይሠራ ይችላል።

👉 ቻርጀሩን እዩ። ራስበሪ ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት 3 አምፔር ነው። ተራ የስልክ ቻርጀር ከሰካችሁለት ዲስክ እና ዶንግል ሲደመርበት ኃይል ያንሰዋል፤ ዶንግሉም ብልጭ ድርግም ይላል።

👉 ሆም አሲስታንት የሚሠራው ኮምፒውተር ላይ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ከሆነ ዶንግሉን ለማሽኑ መስጠት አለባችሁ። ኮምፒውተሩ አየው ማለት ውስጥ ያለው ሲስተም አየው ማለት አይደለም።

2️⃣ ያየዋል፣ ግን መክፈት አልቻለም

እዚህ ጋ ሦስት ምክንያቶችን ፈትሹ።

የመጀመሪያው የስም መቀያየር ነው። ሊኑክስ የዩኤስቢ ዕቃዎችን እንደተገኙበት ቅደም ተከተል 0፣ 1፣ 2 እያለ ይሰይማል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ትናንት 0 የነበረው ዛሬ 1 ሊሆን ይችላል፤ ሴቲንጋችሁ ግን አሁንም 0ን ይፈልጋል። መፍትሔው አጭሩን ስም ትቶ የዶንግሉ መለያ ቁጥር ያለበትን ረጅሙን ስም መጠቀም ነው። "ኦል ሃርድዌር" ውስጥ ዶንግሉን ስትነኩት "ባይ-አይዲ" የሚል ቃል ያለበት ረጅም አድራሻ ታገኛላችሁ። እሱን ኮፒ አድርጉ። እሱ ፖርት ብትቀይሩም አይቀየርም።

ሁለተኛው ሽሚያ ነው። አንድን ዶንግል በአንድ ጊዜ መጠቀም የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ዚኤችኤ እና ዚግቢቱኤምኪውቲቲ ሁለቱም በርተው ከሆነ አንዱ ሌላውን ይዘጋበታል። አንዱን ምረጡ፣ ሌላውን አጥፉ።

ሦስተኛው የዓይነት ስህተት ነው። ታዋቂው የሶኖፍ ዶንግል ፕላስ ከአንድ በላይ ዓይነት አለው፤ ለምሳሌ "ፒ" እና "ኢ"። ውጫቸው ይመሳሰላል፤ ውስጣቸው ግን የተለያየ ነው። "ፒ" የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ፣ "ኢ" ደግሞ የሲሊከን ላብስ ቺፕ ነው ያለው። በዚግቢቱኤምኪውቲቲ ላይ ለ"ፒ" ዚ-ስታክ፣ ለ"ኢ" ኤምበር የሚለውን ነው የምትመርጡት። ከተሳሳተ አይከፈትም።

3️⃣ ይሠራል፣ ግን ዕቃዎች እየቆዩ ይጠፋሉ

ከሁሉም አስቸጋሪው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

በጣም የተለመደውን እንይ። መብራት በተደጋጋሚ ሲጠፋ የራስበሪ ፓይ ሚሞሪ ካርድ ይበላሻል። ስለዚህ ሰው ወደ ኤስኤስዲ ይቀይራል፤ ጥሩ ውሳኔ ነው። ኤስኤስዲውን ፈጣኑ ሰማያዊ ፖርት ላይ ይሰካል፤ እሱም ልክ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሴንሰሮቹ መጥፋት ይጀምራሉ። ሰውየው ሴንሰሮቹን ይረግማል።

ጥፋተኛው ሰማያዊው ፖርት ነው። ዩኤስቢ 3 ዳታ ሲያስተላልፍ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫል። ኢንቴል ራሱ በ2012 ይህን የሚያሳይ ጽሑፍ አውጥቷል። ዚግቢም የሚሠራው እዚያው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ዶንግሉን ከኤስኤስዲው አጠገብ መሰካት ማለት ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆሞ ሹክሹክታ ለመስማት መሞከር ነው።

✅ መፍትሔ፦ ዶንግሉን ጥቁሩ ዩኤስቢ 2 ፖርት ላይ ሰኩት፣ ያውም በማራዘሚያ ገመድ። ግማሽ ሜትር እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ አንድ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከኤስኤስዲው፣ ከዋይፋይ ራውተሩ እና ከብረት ሳጥን አርቁት።

ሁለተኛው የዋይፋይ መጋጨት ነው። ዚግቢ ከ11 እስከ 26 የተቆጠሩ 16 ቻናሎች አሉት። ተጠንቀቁ፦ የዋይፋይ ቻናል 11 እና የዚግቢ ቻናል 11 አንድ ቦታ አይደሉም! የዚግቢ 11 የሚያርፈው ዋይፋይ 1 ላይ ነው። ባጭሩ፦

• ዋይፋይ 1 ከዚግቢ 11–14 ጋር ይጋጫል
• ዋይፋይ 6 ከዚግቢ 16–19 ጋር ይጋጫል
• ዋይፋይ 11 ከዚግቢ 21–24 ጋር ይጋጫል

15፣ 20 እና 25 በመሃል ክፍት ቦታ ያገኛሉ። 26ም አለ፣ ግን አንዳንድ ዕቃ አይቀበለውም። አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ዋይፋይ አናላይዘር አፕ አውርዱና የእናንተም የጎረቤትም ዋይፋይ የት እንዳለ እዩ። ከቻላችሁ መጀመሪያ የራውተሩን ቻናል ቀይሩ፤ "አውቶ" ላይ ከተተወ ራሱ እየዞረ ይረብሻችኋል። የዚግቢውን ቻናል ከቀየራችሁ አንዳንድ ዕቃ ተከትሎ ይመጣል፣ አንዳንዱን ግን እንደገና ፔር ማድረግ ግድ ይሆናል።

ሦስተኛው የመንገድ መቆረጥ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰኩ የዚግቢ ዕቃዎች እና አምፖሎች የሌሎቹን መልእክት ያቀባብላሉ። በባትሪ የሚሠሩት አያቀባብሉም፤ ተኝተው ነው የሚውሉት። ስለዚህ እናታችሁ የኮሪደሩን ስማርት አምፖል ግድግዳው ላይ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ ካጠፉት፣ በእሱ በኩል ያልፍ የነበረው የጓዳው ሴንሰር መንገድ ያጣል። ቋሚ መንገድ እንዲኖር አንድ ሁለት ስማርት ሶኬት መሃል ላይ አድርጉ።

✈️ ከውጭ የመጣ ዶንግል

ዚግቢ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሆነ ከየትም ቢመጣ ይሠራል። ዚ-ዌቭ ግን በአገር ይለያያል። የአውሮፓው 868.42 ሜጋኸርዝ፣ የአሜሪካው 908.42 ሜጋኸርዝ ነው። አክስታችሁ ከአሜሪካ ያመጡት ዶንግል ከአውሮፓ ከመጣ ማብሪያ ማጥፊያ ጋር በሬዲዮ አይሰማማም። ከማዘዛችሁ በፊት ሁሉም የአንድ ክልል ዕቃ መሆኑን አረጋግጡ። ያገለገለ የዚ-ዌቭ ዕቃ ከገዛችሁ ደግሞ መጀመሪያ ከድሮው ኔትወርክ "ኤክስክሉድ" አድርጉት፤ ያለዚያ ወደ እናንተ አይገባም።

⚠️ ፈርምዌር መቀየር የመጨረሻው ነው

"ፈርምዌሩን አፕዴት አድርግ" የሚል ምክር ሁሌም ትሰማላችሁ። ገመዱን ሳትሞክሩ እዚያ አትግቡ። ከገባችሁም መጀመሪያ የኔትወርኩን ባክአፕ አውርዱ፣ ለዶንግላችሁ ሞዴል የተሠራውን ፋይል ብቻ ተጠቀሙ፣ ሥራውንም ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ አድርጉት። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ዶንግሉ የማይነሳበት ዕድል አለ። ባክአፑ ዶንግል ስትቀይሩም ይጠቅማችኋል፤ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ከዜሮ ከመጀመር ያድናችኋል።

🚨 ዝምታ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ዚኤችኤ ሳይነካ እንደመጣ ከሆነ የባትሪ ሴንሰርን "አይገኝም" የሚለው ለ6 ሰዓት ድምፁ ከጠፋ በኋላ ነው። ሶኬት ላይ ያለውን ደግሞ ከ2 ሰዓት በኋላ። እስከዚያ አፑ የሚያሳያችሁ የድሮውን መረጃ ነው። የውሃ መፍሰስ ሴንሰሩ "ደረቅ ነው" እያለ ቤቱ በውሃ ሊሞላ ይችላል።

ስለዚህ፦

👉 የሮቶ ፓምፕን በዶንግሉ ብቻ አታስተዳድሩ። ያለ ኢንተርኔትም ያለ ኮምፒውተርም ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ መቆጣጠሪያ ይኑር።

👉 የጋዝ እና የጭስ ጠቋሚ ራሱ የሚጮህ ይሁን። የስልክ ኖቲፊኬሽኑ ተጨማሪ ነው።

👉 ወሳኝ ሴንሰር "አይገኝም" ሲል ስልካችሁ ላይ መልእክት የሚልክ አውቶሜሽን ሥሩ።

📝 ሲበላሽ ቅደም ተከተሉ

ባትሪ ➡️ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ ➡️ ቻርጀር ➡️ ረጅሙ ስም ➡️ ጥቁር ፖርት እና ማራዘሚያ ገመድ ➡️ ቻናል ➡️ ባክአፕ ➡️ ፈርምዌር ➡️ እንደገና ፔር ማድረግ።

አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። አምስት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የቱ እንደፈታው አታውቁም፤ ሲመለስም እንደ አዲስ መጨነቅ ነው።

እናንተ ጋ የተፈታው በየትኛው ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ሴንሰሮቹን ሊጥል ለተዘጋጀ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት። 🙏