የአሮጌ መጻሕፍት ገበያና የሻጩ ቃል

አዲስ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ዋጋው ታውቆ፣ መሸጫው ተለይቶ፣ ደራሲውና አሳታሚው ተጨንቀውበት ለሕዝብ ይቀርባል፤ ያው መጽሐፍ ግን አንድ ጊዜ ተነብቦ ከመጀመሪያ ባለቤቱ እጅ ከወጣ በኋላ፣ በውርስ ይተላለፍ፣ በዕዳ ይወሰድ፣ ወይም በሣጥን ተቈልፎበት ብል ይብላው የሚከታተለው ስለሌለ፣ በአንዱ አገር ያለ አንባቢ አጥብቆ የሚሻው መጽሐፍ በሌላው አገር ነጋዴ መደርደሪያ ላይ ፈላጊ አጥቶ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ፈላጊንና ተፈላጊን ማገናኘት የአሮጌ መጻሕፍት ንግድ ዋና ጭንቅ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ በኢንተርኔት የተዘረጋው ገበያም ከዚሁ ጭንቅ የተወለደ ስለሆነ፣ ታሪኩን ከኮምፒዩተሩ የሚጀምር ሰው ከመካከል መጀመሩን ይወቅ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ አገር በ1890 «ዘ ክሊክ» የተባለ የነጋዴዎች ጽሑፍ መውጣት ጀመረ፤ ገጾቹን የሞላውም አንዱ ነጋዴ ከሌላው የሚፈልጋቸው መጻሕፍት ዝርዝር ነበረ። በአሜሪካም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1948፣ ሶል ማልኪን በተባለ አዘጋጅ መሪነት፣ ኋላ «ኤ ቢ ቡክማንስ ዊክሊ» ተብሎ የታወቀው ሳምንታዊ መጽሔት ተመሠረተ። አሠራሩ እንዲህ ነበረ፦ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር መምህር ከገበያ የጠፋ የታሪክ መጽሐፍ ቢያስፈልገው ለሚያውቀው ነጋዴ ይነግራል፤ ነጋዴውም የመጽሐፉን ስም ወደ መጽሔቱ ይልካል፤ ስሙ ታትሞ በወጣ ጊዜ፣ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ ሌላ ነጋዴ ረጅሙን ዝርዝር በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ መጽሐፉ በመደርደሪያው መኖሩን ያስታውስና፣ የደራሲውን ስም፣ የታተመበትን ዓመት፣ የመጽሐፉን ሁኔታና ዋጋውን በአንዲት ፖስታ ካርድ ላይ ጽፎ ይልካል፤ ጠያቂው ከተስማማ ገንዘቡ ይሄዳል፣ መጽሐፉም ይመጣል።

በዚህ ሁሉ መካከል ገዢው መጽሐፉን በዓይኑ አላየውም፤ በእጁም አልዳሰሰውም። የሚያምነው በካርዷ ላይ የሰፈረውን የሻጩን ቃል ብቻ ነው። ሻጩ ሽፋኑ መላቀቁን፣ በመካከሉ የቀለም ነጠብጣብ መኖሩን፣ የፊተኛው ባለቤት ስሙን በእርሳስ መጻፉን አስቀድሞ ከተናገረ፣ መጽሐፉ የቱንም ያህል የተጎሳቈለ ቢሆን ገዢው አይከፋም፤ ካልተናገረ ግን መጽሐፉ ይመለሳል፣ የሻጩም ስም በነጋዴዎች ዘንድ ይጠፋል። ስለዚህ መጽሔቱ በ1949 የመጽሐፍን ሁኔታ የሚለኩ ደረጃዎችን አወጣ፤ «እንደ አዲስ» ከሚለው ጀምረው እስከ መጨረሻው የተጎዳው ድረስ የሚወርዱት እነዚህ ደረጃዎች፣ የትኛውም ጉድለት በግልጽ እንዲነገር የሚያዝዙ ነበሩ። የዕቃውን ነውር ራሱ ሻጩ አስቀድሞ የሚናዘዝበት ንግድ በሌላ ዘርፍ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም፤ የበቅሎ ነጋዴ እንዲህ ሲያደርግ ማን አይቷል?

ሕግና ፖስታ ቤት ደግሞ የየድርሻቸውን አዋጥተዋል። ቦብስ ሜሪል የተባለው አሳታሚ ከአንድ ዶላር በታች እንዳይሸጥ ማስጠንቀቂያ ያተመበትን አንድ ልብ ወለድ፣ የኒው ዮርኩ የሜሲ መደብር ባለቤቶች በ89 ሳንቲም ስለ ሸጡት ከሰሳቸው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1908፣ አሳታሚው መጽሐፉን አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ በሚቀጥለው ሽያጭ ላይ ሥልጣን የለውም ሲል ፈረደ። በ1938 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መጻሕፍት በፖስታ ሲላኩ በፓውንድ አንድ ሳንቲም ተኩል ብቻ እንዲከፈልባቸው ወሰኑ። ባለቤትነቱ የተረጋገጠ፣ መላኪያውም የረከሰ መጽሐፍ እንደ ልቡ መዘዋወር ቻለ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሪቻርድ ዌዘርፎርድ የተባለ አሜሪካዊ የመጻሕፍት ነጋዴ የፖስታ ካርዱን ሥራ ለኮምፒዩተር ለመስጠት አሰበ። «ኢንተርሎክ» የተባለው አገልግሎቱ፣ ነጋዴዎች ያላቸውንና የሚሹትን በስልክ መስመር እየላኩ እርስ በርስ የሚገናኙበት፣ ለውጭ ሰው በሩ የተዘጋ ማኅበር ነበረ፤ አሊብሪስ የተባለው ኩባንያም ኋላ ከዚሁ ወጣ። ለአንባቢው ራሱ በሩን በሰፊው የከፈቱት ግን በካናዳ፣ በቪክቶሪያ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ባልና ሚስቶች፣ የፑራና የዋተርስ ቤተ ሰቦች ናቸው። ከአራቱ አንዷ ካቲ ዋተርስ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ስለ ነበራት፣ ችግሩን በመጽሐፍ አንብባ ሳይሆን ኖራበት ታውቀው ነበር፤ በ1995 የመሠረቱት ኤብቡክስም በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያው ዘመን ኩባንያው የገበያውን ሜዳ አጥሮ ኪራይ እንደሚቀበል ባለርስት ሆኖ፣ ከሻጩ በየወሩ የተወሰነ ክፍያ ከመቀበል በቀር በመካከል አይገባም ነበር፤ ገዢው ለሻጩ በቀጥታ ይጽፍለታል፣ ሻጩም በቀጥታ ይመልስለታል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ንግድ ከዚያ ወዲህ ከዚያ የተሻለ ሥርዓት አላገኘም። ግማሽ ምእተ ዓመት ያገለገለው ሳምንታዊ መጽሔትም ተግባሩ ስለ ተወሰደበት በ1999 መጨረሻ ኅትመቱን አቆመ።

አዲሱ ገበያ ለአንባቢ በረከት፣ ለብዙ ነጋዴ ግን መዓት ሆነ። አንድ ነጋዴ በዘመኑ ሁሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ያየውን መጽሐፍ ብርቅ ነው ብሎ በውድ ዋጋ ይዞት ሲኖር፣ የዓለም መደርደሪያ ሁሉ በአንድ ላይ በተገለጠ ጊዜ ያው መጽሐፍ በመቶ ቦታ ተገኘ፤ ዋጋውም ወደቀ። በእርግጥ ብርቅ የሆኑት ጥቂቶቹ ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ ተወደዱ።

በኅዳር 2000 አማዞን ሌሎች ሻጮች በገጹ ላይ ከአዲሱ መጽሐፍ ጎን አሮጌውን እንዲያቀርቡ ፈቀደ። ከ1970 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የሆነው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር በመጽሐፉ ጀርባ ታትሞ ስለሚገኝ፣ መጽሐፉን ከፍቶ ማየት ሳያስፈልግ ቁጥሩን ለመሣሪያ በማስነበብ ብቻ በቀን ሺህ መጽሐፍ መመዝገብ ተቻለ። ከቤተ መጻሕፍት የተወገደውን በቶን የሚገዙ ድርጅቶች ተነሡ፤ እርስ በርስ ዋጋ በማውረድ ሲሽቀዳደሙም መጽሐፉን በአንድ ሳንቲም እስከ መሸጥ ደረሱ፤ ትርፋቸው ገዢው ለመላኪያ ከሚከፍለው 3.99 ዶላር ላይ የሚተርፈው ቅሪት ነበር። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ለብቻው ይጻፍ የነበረው መግለጫ ቀርቶ፣ «ያገለገለ ስለሆነ ምልክት ሊኖርበት ይችላል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ለሚሊዮን መጻሕፍት ተለጠፈ። ይህ ሻጩ ምንም ላለመናገር የሚናገረው ቃል ነው።

ዋጋ ቈራጩም ሰው መሆኑ ቀረ። በ2011 ስለ ዝንብ አፈጣጠር ፒተር ሎረንስ የጻፈው የሳይንስ መጽሐፍ በአማዞን ላይ ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጠየቀበት፤ ምክንያቱ ሲመረመር፣ የአንዱ ሻጭ ኮምፒዩተር ሁልጊዜ ከባልንጀራው በጥቂት እንዲያንስ፣ የሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ሩብ ያህል እንዲበልጥ ታዝዘው፣ ሁለቱ በየቀኑ እየተከታተሉ ሰው ሳያያቸው ያን ያህል መውጣታቸው ታወቀ። በዚያን ጊዜ የዓለም ሕዝብ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ስለ ንግዱ ብዙ ይናገራል።

በጅምላ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የሆኑ ወጣቶች፣ የራሳቸውን የትምህርት መጻሕፍት በኢንተርኔት ከመሸጥ ተነሥተው የመሠረቱት ቤተር ወርልድ ቡክስ፣ ቤተ መጻሕፍት የሚያስወግዷቸውን ከመጣል አድኖ እየሸጠ፣ ከገቢው ለማንበብና መጻፍ ትምህርት የሚያካፍል ድርጅት ሆኗል፤ ከረዳቸውም አንዱ መጻሕፍትን ወደ አፍሪካ፣ ወደ አገራችንም ጭምር የሚልከው ቡክስ ፎር አፍሪካ ነው።

ኤብቡክስ ግን በ2008 በአማዞን ተገዛ። በ2018 መኸር ኩባንያው በቼክ፣ በሀንጋሪ፣ በሩሲያና በደቡብ ኮሪያ ያሉ ሻጮችን፣ የገንዘብ መክፈያ አሠራሩን ምክንያት አድርጎ፣ ከኅዳር መጨረሻ በኋላ እንደማያስተናግድ አስታወቀ። ለነዚያ ነጋዴዎች ይህ እንጀራ መቈረጥ ነበረ። በዚያን ጊዜ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ፤ በኅዳር መጀመሪያ ከሃያ በላይ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ፣ ወደ 600 የሚጠጉ ነጋዴዎች፣ አብዛኞቹ የተባረሩትን ባልንጀሮቻቸውን በመልክ ሳያውቋቸው፣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ መጻሕፍታቸውን ከገበያው አነሡ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በላቲን ቋንቋ የያዘው መሪ ቃል የመጻሕፍት ፍቅር አንድ ያደርገናል የሚል ነው፤ እንዲህ ያለው ቃል በማኅተም ላይ ታትሞ መቅረት የተለመደ ሲሆን፣ በዚያ ሳምንት ግን በሥራ ተተረጐመ። ኩባንያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ውሳኔውን አነሣ። ከዚህ የሚታየው፣ የገበያው ሜዳ የማንም ቢሆን መጻሕፍቱና ስለ መጻሕፍቱ የሚነገረው ዕውቀት የነጋዴዎቹ መሆኑን ነው፤ ሜዳው ያለ እነርሱ ባዶ ነው።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያሳዝን ስፍራ አላት። አበው በብራና መጻሕፍት ላይ መጽሐፉን የሰረቀውንና ስሙን የፋቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃለ ግዘት ይጽፉ የነበረው፣ መጽሐፍ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት እንጂ የገበያ ዕቃ ስላልነበረ ነው። ሆኖም በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን ምርኮ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ሸጠ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። የኢንተርኔት ጨረታ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የብራና መጻሕፍታችን በኢቤይ ላይ ሲሸጡ፣ አንዳንዶቹም ሥዕል ያለበት ቅጠል ለብቻው እየተገነጠለ ሲቸረቸር ታይቷል። ስቲቭ ዴላማርተር የተባሉ አሜሪካዊ መምህር ከ2005 ጀምሮ በነጋዴዎችና በግለሰቦች እጅ ያሉትን መጻሕፍት ከመበተናቸው በፊት ፎቶግራፍ የማንሣት ሥራ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ በአገራችንም እንደ እኛ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ልብ በሉ፤ በነዚያ ጨረታዎች ላይ ሻጩ የቅጠሉን ብዛት፣ የገበታውን እንጨት፣ የሐረጉን ውበት አብራርቶ ሲጽፍ፣ መጽሐፉ ከየትኛው ደብር እንደ ወጣ ግን አንዳች አይተነፍስም።

እንግዲህ ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ያገለገሉ የአማርኛ መጻሕፍትን በቴሌግራም የምትሸጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሽፋኑን ፎቶግራፍ ለጥፋችሁ ዋጋ ከመጻፍ አልፋችሁ፣ የታተመበትን ዓመትና ማተሚያ ቤቱን፣ ስንተኛ እትም እንደሆነና የጎደለ ገጽ ቢኖር የትኛው እንደሆነ ጻፉልን። የምትገዙም ይህ ሳይጻፍ ገንዘብ አትላኩ፤ ብራና የቀረበላችሁ እንደሆነም ከየት እንደ መጣ ጠይቁ፣ መልስ ካጣችሁ አትግዙ።