ከአሞሌ እስከ አዮዲን ጨው
የአእምሮ ምግብ አጭር ታሪክ

ችግር በችግር ላይ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። እንቅርት በተረታችን ውስጥ እስኪገባ ድረስ ለሕዝባችን የታወቀ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስለማያምም እንደ መልክ ጉድለት ብቻ ሲቆጠር ኖሯል። ይሁን እንጂ የአንገቱ እብጠት ምልክት ነው እንጂ ዋናው ጉዳት አይደለም። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ከዓይን በተሰወረው ቦታ፣ ይኸውም ገና በማደግ ላይ ባለው የልጅ አእምሮ ላይ ነው። ይህ እንዴት እንደታወቀና ምን መፍትሔ እንደተገኘለት ከዚህ በታች እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከባሕር አረም ነው። በ1811 ፈረንሳዊው በርናር ኩርትዋ ለባሩድ መሥሪያ የሚያገለግል ቅመም ለማዘጋጀት በባሕር አረም አመድ ሲሠራ ሐምራዊ እንፋሎት ሲወጣ አየ። ይህ ዛሬ አዮዲን የምንለው ንጥረ ነገር ነው። በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኩዋንዴ አዮዲንን ለእንቅርት መድኃኒትነት አዋለው። የብዙ ሕሙማን እብጠት ቢቀንስም ከመጠን በላይ የወሰዱት ስለተጎዱ መድኃኒቱ ተፈርቶ ቆየ። በዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ጀርመናዊው ኦይገን ባውማን በታይሮይድ እጢ ውስጥ አዮዲን መኖሩን ባረጋገጠ ጊዜ የሁለቱ ግንኙነት ግልጽ ሆነ።

ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት የምትገኝ ትንሽ እጢ ናት። ከምግብ በምታገኘው አዮዲን ሆርሞን ትሠራለች፤ አዮዲን ሲጎድልባት ግን የተገኘውን ሁሉ ለመሰብሰብ ስትጥር ታብጣለች። ሆርሞኑ ለአእምሮ ግንባታ የግድ አስፈላጊ ነው። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ፅንሱ የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለማይችል የሚኖረው በእናቱ ነው። ስለዚህ እናቲቱ አዮዲን ካጣች ልጁ ሳይወለድ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ከተወለደ በኋላ አይመለስም።

የመከላከያው ሙከራ የተካሄደው በተማሪዎች መካከል መሆኑ እኛን መምህራንን በተለይ ይመለከተናል። ከ1917 ጀምሮ ዴቪድ ማሪንና ባልደረባው ኪምቦል በአሜሪካ፣ በኦሃዮ፣ በአክሮን ከተማ ለሴት ተማሪዎች በዓመት ሁለት ጊዜ አዮዲን ይሰጡ ነበር። ከወሰዱት 2,190 ተማሪዎች እንቅርት የወጣባቸው 5 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 2,305 ውስጥ ግን 495 ነበሩ። ከዚያም በ1922 በተራራማዋ ስዊዘርላንድ ሐኪሙ ሐንስ ኤገንበርገር በአፐንዘል አዮዲን ያለበት ጨው እንዲሸጥ አደረገ፤ በ1924 የአሜሪካዋ ሚሺጋን ተከተለች። የአእምሮው ጉዳት መከላከል እንደሚቻል በጉልህ ያሳየው ግን በ1966 በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ የተጀመረው ጥናት ነው። አዮዲን ያለበት ዘይት ከተወጉ በኋላ ያረገዙት እናቶች፣ ካልተወጉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ አእምሮው ክፉኛ የተጎዳ ልጅ የወለዱት ከስንት አንድ ነበር።

መድኃኒቱ በጨው የሚሰጠው ለምንድን ነው? ጨው ሀብታምም ድኻም በየቀኑ፣ በተቀራራቢ መጠን የሚበላው ስለሆነ ነው። የጨው ክብር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቷል። አሞሌ ከአፋር በረሃ እየተጫነ ደጋውን ሁሉ ይዞር ነበር። ነገር ግን ጨው በተፈጥሮው በቂ አዮዲን የለውም፤ ከባሕር ውሃ የሚደርቀውም ቢሆን ጥቂት ብቻ ነው የሚይዘው። በደጋው ደግሞ ዝናብና ጎርፍ የአፈሩን አዮዲን ለዘመናት አጥበው ወስደውታል። በደኻ አፈር የበቀለ እህልም በአዮዲን ደኻ ነው።

በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ የነበረው ጨው ተቋረጠ። ገበያውን የያዘው የአፋር፣ በተለይም የአፍዴራ ጨው ሲሆን፣ አብዛኛው አዮዲን አልነበረበትም። በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ወሰነ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከመቶ 15 ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ጥናት ግን ከመቶ 89 ገደማ ደርሰዋል።

አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም ነው፤ ለነፍሰ ጡር 250 ይመከራል። ተማሪዎች ራሳቸው ያስሉት፦ የጎልማሳው ድርሻ በ70 ዓመት ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። እንዲህ ትንሽ የሆነ ነገር ሲጎድል ግን ትልቅ ጉዳት ያመጣል።

እንግዲህ በክፍል ውስጥ ትምህርት የሚከብደውን ልጅ «ሰነፍ» ወይም «ደደብ» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ይህን ታሪክ ብናስታውስ መልካም ነው። የድካሙ ምክንያት ሁልጊዜ አዮዲን ነው ማለታችን አይደለም፤ ረሀብም፣ ጭንቀትም፣ ፍርሃትም የማሰብን ኃይል ይቀንሳሉ። ዱላና ስድብ ግን አንዱንም አያድኑም። ለተማሪዎቻችን፣ በተለይም ነገ እናቶች ለሚሆኑት፣ አዮዲን ያለበትን ጨው እንዲመርጡ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቀው በክዳን እንዲያስቀምጡ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል እንዲጨምሩት እናስተምር። ትምህርቱ ዛሬ ከክፍላችን ወደ ማጀት ከገባ፣ ጥቅሙን የሚያገኙት ገና ያልተወለዱት ተማሪዎቻችን ናቸው።