መጀመሪያ የተሠራው፣ ኋላ የወጣው

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። ቨርጂኒያ ቢች በምትባል የአሜሪካ የባሕር ዳር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቅየው ጂን ቶርንተን፣ በራፕ ስሙ ማሊስ። ታናሽየው ቴረንስ፣ ኋላ ፑሻ ቲ የተባለው። ቡድናቸውን ክሊፕስ አሉት። ያን ጊዜ ከኒውዮርክና ከሎስ አንጀለስ ርቆ የሚኖር ራፐርን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እነሱን ግን የዚያው አካባቢ ልጅ ፋሬል ዊሊያምስ አያቸው። ከቻድ ሁጎ ጋር ኔፕቱንስ በሚል ስም ሙዚቃ ያቀናብር የነበረው ፋሬል ማለቴ ነው። ወስዶ ኤሌክትራ ከተባለው ትልቅ አሳታሚ ጋር አገናኛቸው።

ውል ተፈረመ፤ አልበም ተሠራ። ስሙ «ኤክስክሉሲቭ ኦዲዮ ፉቴጅ»። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ነጠላ ዜማ ለሙከራ ወጣ፤ ገበያው ዝም አለ። ኩባንያውም አልበሙን መደርደሪያ ላይ አስቀርቶ ልጆቹን አሰናበተ። በቃ፣ የስንት ሌሊት ድካም ውሃ በላው!

ፋሬል ግን አልተዋቸውም። በ2001 ስታር ትራክ የተባለ የራሱን አሳታሚ በአሪስታ ኩባንያ ሥር ሲያቋቁም መጀመሪያ የጠራው እነሱን ነው። አንድ ቀን፣ ይባላል፣ ስልክ ደውሎ «ቶሎ ስቱዲዮ ካልመጣህ ይህን ምት ለራፐሩ ጄይ ዚ እሰጠዋለሁ» አለው ፑሻን። ፑሻ ምን ጠብቆ! ዜማ የለው፣ ጌጥ የለው፣ ከበሮና ጠቅታ ብቻ የሆነው ያ ምት «ግራይንዲን» ሆነ። የአሜሪካ ተማሪዎች በምሳ ሰዓት ጠረጴዛ እየደበደቡ ሲጫወቱት ከረሙ።

ነሐሴ 20 ቀን 2002፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ «ሎርድ ዊሊን» ወጣ፤ በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ 4ኛ ሆኖ ጀመረ። ዓለምም የበኩር አልበማቸው ብሎ የመዘገበው ይህንኑ ነው።

«መቆየታቸው በጃቸው» የሚሉ አሉ። ግማሹን እቀበላለሁ፤ በ1999 «ግራይንዲን» አልነበረችማ። ግን የቆዩት ወደው አይደለም፤ የወጣትነት ዓመታቸውን የወሰደባቸው የሌላ ሰው የሽያጭ ሒሳብ ነው። ለኩባንያው ምስጋና የለኝም።

ያ የተቀበረው አልበም በ2022 በይፋ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። ስሙት፤ ከ«ሎርድ ዊሊን» አስቀድማችሁ ስሙትና ራሳችሁ ፍረዱ።