አራተኛው ወር የሚጀምረው መቼ ነው? ስለ እርግዝና አቆጣጠር ታሪክ ከአሰንዳቦ

ስለ ጅማ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የነገሥታቱ፣ የሲራራ ነጋዴዎቹ፣ የቡናውና የሂርማታ ገበያ ታሪክ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ጉዳይ ግን በመዝገብ እምብዛም ያልሰፈረ፣ ነገር ግን በየቤቱ በጥንቃቄ ሲቆጠር የኖረ ነው፤ ይኸውም የእርግዝና አራተኛው ወር ነው። ስለ አቆጣጠር የሚጽፍ ሰው የራሱን አቆጣጠር አስቀድሞ ማስታወቅ ስለሚገባው፣ ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ወራቱን ግን በአገራችን ስም እንደምንጽፍ ከወዲሁ እንገልጻለን።

አሰንዳቦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በኦሞ ናዳ ወረዳ፣ በግልገል ጊቤ ሸለቆ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። መንገደኛው ሻይ ጠጥቶ የሚያልፋት ብትሆንም ለጥናት የምትመች ናት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ያቋቋመው የግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል እርግዝናን፣ ልደትንና ሞትን ከቤት ወደ ቤት እየዞረ መመዝገብ የጀመረው በአሰንዳቦና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ነበር።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንመልከት። በአማርኛ «ነፍሰ ጡር» ስንል ነፍስ የተሸከመች ማለታችን ነው። በኦሮምኛ እርግዝና «ኡልፋ» ይባላል፤ ከባድ ለማለት «ኡልፋታ»፣ ክብር ለማለት ደግሞ «ኡልፊና» ይባላል፤ ክብደትና ክብር ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ሁለቱም ቋንቋዎች ነገሩን የሚሰይሙት በሸክሙ ነው። እንግዲህ ሸክሙ ሳይሰማ እርግዝናውን መናገር ለምን እንደሚከብድ ከስሙ ብቻ መገመት ይቻላል።

በአካባቢው ሦስት አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ። የመጀመሪያው የእናቲቱ ነው፤ የወር አበባ መቅረቱ ጥርጣሬን ያመጣል፣ ፅንሱ መላወሱ ግን ማረጋገጫ ነው። ሁለተኛው የሃይማኖት ሊቃውንቱ ነው። በጅማ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ስለሆነ፣ ፅንሱ በሦስት አርባ ቀኖች ተሠርቶ በ120 ቀን ነፍስ ይነፋበታል የሚለው የሐዲስ ትምህርት በሰፊው ይታወቃል። ሦስተኛው የጤና ጣቢያው ነው፤ ይህም ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነሥቶ በሳምንት የሚቆጥር ነው።

እነዚህን ሦስቱን በአንድ ወረቀት ላይ ብናስቀምጣቸው የምናገኘው ውጤት እኛንም አስገርሞናል። የሐኪሙ አቆጣጠር የሚጀምረው ፅንሱ ከመፈጠሩ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ስለሆነ፣ የሊቃውንቱ 120 ቀን በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ 19ኛ ሳምንት ገደማ ይውላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች ሴት የፅንሱን እንቅስቃሴ የምትለየው ደግሞ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ቀድሞ የወለደች ሴት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብላ ትለየዋለች። እናቲቱና ሊቃውንቱ፣ በተለያየ መንገድ ሄደው፣ በአንድ ሳምንት ይገናኛሉ። ጤና ጣቢያው ግን ሁለተኛውን የእርግዝና ሦስት ወር የሚጀምረው በ13ኛው ወይም በ14ኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያውን ምርመራ ደግሞ ከ12ኛው ሳምንት በፊት ይፈልገዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ያወጣው መመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሳምንት ያህል ይሆናል።

በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ በሰውነት ላይ የሚሆነውን እንደሚከተለው እናስረዳለን። የእንግዴ ልጁ ሥራውን አደላድሎ ስለያዘ በብዙዎቹ ሴቶች ላይ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል፤ ምግብ ይስማማል፤ ድካሙም ይቀላል። በ12ኛው ሳምንት ገደማ ማኅፀኑ ከዳሌ አጥንት በላይ ብቅ ብሎ በእጅ ይዳሰሳል፤ በ16ኛው በአጥንቱና በእምብርት መካከል ይደርሳል፤ በ20ኛው እምብርትን ይነካል። ፅንሱ በ16ኛው ሳምንት ከራሱ እስከ መቀመጫው ወደ 12 ሳንቲሜትር ይጠጋል። የደሟ መጠን እየጨመረ ስለሚሄድ የብረት ፍላጎቷ ያድጋል። ሆድ መድረቅ፣ አፍንጫ መታፈን፣ ከብሽሽት በላይ ድንገት ወጋ አድርጎ የሚለቅ ሕመም የተለመዱ ናቸው። ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ የሆድ ቁርጠት ወይም የውሃ መፍሰስ ግን የተለመዱ አይደሉምና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን ይጠይቃሉ። ስለ ቡናም አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ የጅማ ሰው ይታዘበናል፤ ቡና ጨርሶ አልተከለከለም፣ ነገር ግን በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ እርጉዝ መጠኑን እንድትቀንስ ይመከራል። አቦል፣ ቶናና በረካ ተደምረው ወደዚህ ልክ ለመድረስ ብዙ አይቸግራቸውም።

ሕክምናው ወደ እነዚህ ሴቶች የደረሰው ዘግይቶ ነው። በጅማ የነበረው ሆስፒታል በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለወራሪው ወታደሮች የተቋቋመ ነበር። በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ የተማሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1942 በነቀምቴ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ ያውም የሠለጠኑ ነርስ፣ ከዚህ ሞት ካልዳኑ የገጠሯ ሴት ዕድል ምን እንደነበረ አንባቢ ይፍረድ። በስማቸው የተሰየመው ሆስፒታል በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ላከ። ጅማ የራሷን የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ያገኘችው በ1983 ነው። በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ።

ቁጥሩ የሚናገረው መሻሻልንም መዘግየትንም ነው። በአገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል ያገኙት ሴቶች በ2000 ከመቶ 27 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 62፣ በ2019 ከመቶ 74 ደረሱ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች የተመረመሩት ግን በ2016 ከመቶ 20፣ በ2019 ከመቶ 28 ብቻ ናቸው። ሴቶቹ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን ተቀብለዋል፤ ያልተቀበሉት ጤና ጣቢያው የሚጀምርበትን ቀን ነው።

ይህን ድንቁርና ብለው የሚያልፉት አሉ፤ እኛ አንስማማም። ውርጃ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች መሆኑን ሐኪሞችም ያረጋግጣሉ። እንግዲህ ያልጸናውን ላለመናገር፣ የሰው ዓይንንም ሐሜትንም ለመሸሽ ዝም ማለት ከብዙ ኀዘን የተገኘ ጥንቃቄ ነው። የቀድሞውም አዋላጅ ቢሆን በእንጨት መስሚያው የፅንሱን ልብ የሚያገኘው በ20ኛው ሳምንት ገደማ ስለነበረ፣ ለረጅም ጊዜ ሕክምናው ራሱ ከእናቲቱ ቀድሞ የሚሰማው ነገር አልነበረውም።

ሆኖም ጥንቃቄው በአሰንዳቦ ምድር አንድ ባላጋራ አለው፤ እርሱም ወባ ነው። በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ የወባ ማጥፊያ ድርጅትም የተቋቋመው በማግስቱ በ1959 ነው። በ2004 ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ ግድብ በሸለቆው ሐይቅ ፈጠረ፤ የጅማ ተመራማሪዎችም በ2009 ባወጡት ጥናት ከሐይቁ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ይበልጥ በወባ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። በእርጉዝ ሴት ላይ የወባ ጥገኛ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ደም ማነስን ያመጣል፤ ልጁንም ያለ ክብደቱ ያስወልዳል። አጎበሩ፣ የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒኑ፣ የደም ምርመራው የሚገኙት ግን በዚያችው ገና ባልተሄደባት ጤና ጣቢያ ነው።

ለምሳሌ የመጨረሻ ወር አበባዋ በሰኔ መባቻ የታየ ሴትን እንውሰድ። 12ኛው ሳምንት በነሐሴ መጨረሻ ይሞላል። ፅንሱ ተላውሶ፣ 120 ቀኑም ሞልቶ፣ ለእናቷ ወይም ለጎረቤቷ የምትናገረው በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ይሆናል። ዝናቡ ቆሞ ውሃው የሚያቁርበት፣ ትንኙም የሚፈላበት መስከረም በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያልፋል።